ሰርቨሩ ወደ ጎንደር ሲሄድ

ፈህሚያ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ ትምህርት ቤት ሳትገባ ወደ ጎንደር መዛወር። ሹመት አልፈለገችም፣ የውጭ አገር ሥልጠናም አላማራትም። ጎንደር ውስጥ፣ ከባሏ ቤተሰብ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ሰኪና የምትባል ሴት ልጅ አለቻት። ይህች ልጅ አያቷን «እማ» ትላለች፤ እናቷን ግን «ፈህሚያ» እያለች በስሟ ነው የምትጠራት።

ጥፋቱ የማንም አልነበረም። ፈህሚያ በኮምፒውተር ሳይንስ እንደተመረቀች የተገኘላት ክፍት የሥራ መደብ መካነ ብርሃን ነበር፤ በደባርቅ በኩል የቧሂትን ተራራ ተሻግሮ የሚደረስበት፣ ገብስና በግ የሞላበት፣ ፀሐይ ባለችበት ቀን እንኳ ሰው ጋቢውን የማይጥልበት አገር። ቤተሰቦቿ ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲነግዱ የኖሩ የጎንደር እስላሞች ናቸው፤ ደመወዝ የሚባለውን ነገር ከሩቅ ያውቁታል እንጂ ቀምሰውት አያውቁም። ቢሆንም ተምራ ቤት ትቀመጥ ለማለት ማንም አልደፈረም። ባሏ አኒስ ሱቁን ትቶ ሊከተላት አልቻለም። ሰኪናን ስትወልድ ግን ይዛት ወጣች፤ ልጅቱም አንድ ክረምት ሙሉ ስታስል ከረመች። ጎንደር ያየቻት ሐኪም ወደዚያ ብርድ እንዳትመልሻት አለቻት። አማቷ እማማ ዘሓራ ሕፃኗን ከእቅፏ ተቀበሉ። በማግሥቱ ፈህሚያ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ እስከ ደባርቅ አለቀሰች። ከደባርቅ በኋላ ያለው መንገድ ለማልቀስም አይመችም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ ታስገባለች፤ በየዓመቱም መልሱ አይለወጥም። ሰርቨሩንስ ማን ይጠብቀዋል ይሏታል።

የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ወረዳው ውስጥ ካሉት አንዱ ነው፤ ከውጭ ሲታዩ ሁሉም ይመሳሰላሉ። አንድ ሰኔ ላይ በጀቱ ሊዘጋ ሲል ገንዘብ ተርፎ ተገኘ። የተረፈ በጀት መመለስ አቅም እንደማነስ ስለሚቆጠር ሰርቨር ተገዛ፤ ለምን እንደሚያገለግል የሚያውቅ ሰው ስላልነበረም ፈህሚያ ተቀጠረች። እሷ ደግሞ ሞኝ ስለሆነች የገበሬውን የመሬት ይዞታ፣ የግብሩን፣ የማዳበሪያውን መዝገብ አንድ በአንድ አስገባችበትና ሰርቨሩ እውነትም መሥራት ጀመረ። ገበሬው ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ስሙን ሲናገር ወዲያው ጉዳዩ ይወጣለታል። ጉድ ያደረጋትም ይኸው ነው። ሰርቨሩ ባይሠራ ኖሮ እሷንም የሚያስታውሳት አይኖርም ነበር።

በዚያ ላይ የሰርቨሩ ክፍል በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ብቸኛው ሞቃት ክፍል ነበር። ማሽኑ ከጀርባው ሞቅ ያለ አየር ይተነፍሳል፤ ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ሰበብ እየፈለገ ይገባና እጁን ያሞቃል። ዘበኛው አያ ተክለ ጊዮርጊስ ዝናብ የመታውን ካፖርታቸውን እዚያ ነው የሚያሰጡት። ስለዚህ ፈህሚያ ትሂድ ሲባል ብዙ ሰው ከልቡ ይከፋው ነበር።

ኃላፊው አቶ የሻው ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ክፉ ሰው ይከሰሳል። እሳቸው ግን ማመልከቻዋን ባነበቡ ቁጥር መነጽራቸውን አውልቀው ልጅሽ ደኅና ናት ብለው ይጠይቃሉ፤ ደኅና ናት ስትላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ማመልከቻው ላይ «ተተኪ እስኪገኝ ይጠብቁ» ብለው ይጽፋሉ። ተተኪ የሚሆን ሰው ደግሞ ደባርቅ ደርሶ ወደ ላይ ያየና ይመለሳል።

ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት በገባ በጥቂት ወር ከበላይ አንድ መመሪያ ወረደ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የኮምፒውተር ሥርዓታቸውን ወደ ክላውድ ለማሸጋገር ይዘጋጁ ይላል። የወረዳ ባለሙያዎችም ለሥልጠና ጎንደር ተጠሩ።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቀጭን ኮምፒውተር የያዘ ወጣት ነው። ክላውድ ማለት ሌላ ቦታ፣ በትልልቅ ማሽኖች ላይ፣ ባለሙያ ሌት ተቀን እየጠበቀው የሚቀመጥ የጋራ ጎተራ ማለት እንደሆነ አስረዳ። መዝገባችሁም ፕሮግራማችሁም እዚያ ይኖራል፤ እናንተ በመስመር እየገባችሁ ትጠቀማላችሁ አለ። ከእንግዲህ የወረዳ ሰርቨር የሚባል ነገር አይኖርም፣ ሰርቨር ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ባለሙያም አያስፈልግም ሲል የአዳራሹ ፊት ጠቆረ፤ ሰው እንጀራውን አሰበ። ከተነሡት ጥያቄዎች መካከል አብዛኞቹ አበል መቼ ይከፈላል የሚሉ ነበሩ። ከጎኗ የተቀመጠችው ምስጢር፣ የቆላ ወረዳ ባለሙያና የጎንደር የደብር አለቃ ልጅ፣ ማህደሯን ተንተርሳ ተኝታለች። ፈህሚያ ብቻ እያንዳንዷን ቃል ትጽፋለች። ዱዓዋ የተሰማ መሰላት።

ማታ ለአኒስ፣ ሰርቨሩ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ አለችው። አኒስ ነጋዴ ነውና ውሉ የት አለ ብሎ ጠየቃት። ውል የለም፤ ነገር ግን መካነ ብርሃን እንደተመለሰች በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ጥያቄዋን አቀረበች። አቶ የሻው ዝግጅቱን የሚሠራላቸው ሰው አጥተው ተጨንቀው ስለነበር፣ ሁሉም እየሰማ መለሱላት።

«ሰርቨሩ ከዚህ ግቢ የወጣ ዕለት አንቺም ትወጫለሽ። እኔ የሻው ብያለሁ።»

ከዚያ በኋላ ፈህሚያ የሠራችው ሥራ ለሦስት ሰው ይበቃል። መሥሪያ ቤቱ በምን በምን ፕሮግራም እንደሚጠቀም ዘረዘረች። መዝገቡን አጠራች፤ ከሞቱ የቆዩና እስካሁን በየዓመቱ ማዳበሪያ የሚወስዱ ገበሬዎችን አሰናበተች። ፓስወርድ ምስጢር ነው ብላ አስተማረች፤ በማግሥቱ ሠራተኛው ሁሉ ፓስወርዱን እንዳይረሳ በትልቁ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ለጥፎ አገኘችው። የአቶ የሻውን ደግሞ ከእሳቸው በስተቀር ቢሮው በሙሉ ያውቀዋል፤ ኮምፒውተራቸውን የምትከፍትላቸው ጸሐፊዋ ናትና። ከሁሉ የከበደው ሰውን ከሞቃቱ ክፍል ማስወጣት ነበር። ያልተፈቀደለት ሰው አይገባም የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈች። አያ ተክለ ጊዮርጊስ ካፖርታቸውን በክንዳቸው ይዘው ወረቀቱን አነበቡና፣ ምነው ልጄ፣ በእድሜዬ ብርድ ልታስመቺኝ ነው አሏት። አሳዘኗት፤ ግን በሩን ዘጋችው።

የዝግጁነት መመዘኛው ቀለም ነበረው፤ ያልተዘጋጀ ቀይ፣ የጀመረ ቢጫ፣ የጨረሰ አረንጓዴ። ፈህሚያ ሁሉንም በእውነቱ ሞልታ ስትጨርስ አንድ ቀይ ቀረ፤ የኔትወርክ መስመሩ። አቶ የሻው ያን ቀይ ሲያዩ ፊታቸው ልክ ጥርስ እንዳመመው ሰው ሆነ።

«መስመሩ ቧሂት ላይ ጉም በወረደ ቁጥር ይቋረጣል» አለች። «መስመር ከሌለ ክላውዱ ላይ ያለውን ማን ያየዋል?»

«መስመሩ የእኛ ነው?»

«የእኛ አይደለም፣ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው።»

«ታዲያ በሰው ሥራ ምነው እኛ ቀይ እንሆናለን? የራሳችንን ብቻ ሙዪው።»

ፈህሚያ አሰበች። ቀይ ካለ ሽግግሩ ይዘገያል፤ ሽግግሩ ከዘገየ ሰርቨሩ ይቆያል፤ ሰርቨሩ ከቆየ እሷም ትቆያለች፤ ሰኪና ደግሞ በመስከረም ትምህርት ቤት ትገባለች። ቀዩን አረንጓዴ አድርጋ ፈረመች። እያወቀች ነው የዋሸችው። ማታ ሰግዳ ስትጨርስ አላህን ይቅርታ ጠየቀችው፤ ፊርማዋን ግን አልሰረዘችም።

መካነ ብርሃን ከዞኑ አንደኛ ወጣ። አቶ የሻው ጎንደር ሄደው በጭብጨባ የምስክር ወረቀት ተቀበሉ፤ በፎቶው ላይ ወረቀቱን የያዙት ልክ አዲስ የተወለደ የልጅ ልጅ እንደታቀፈ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱም «ሞዴል» ተባለ።

ቀይ የወጣባቸውስ? ምንም አልሆኑም። ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል ተብሎ ባለሙያዎቻቸው ለአቅም ግንባታ ጎንደር ተጠሩ፤ ለመንፈቅ፣ ከነአበላቸው። ምስጢር አንድም ነገር ሳትሠራ ከቆላው ወጥታ አባቷ ቤት ገባች። ቅን ልጅ ስለሆነች እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እማማ ዘሓራን ትጠይቃለች፤ እማማ ዘሓራም ሥጋ እንደማይጋሩ ያውቃሉና ሽሮ ሠርተው ይጠብቋታል። ከዚያ ለፈህሚያ ትደውልላታለች። ሰኪና ሹሩባ ተሠርታ ብታዪያት፣ ሰኪና ዛሬ እኔ ጭን ላይ ተኛች ትላታለች። ደስ ይበላት ብላ ነው። ፈህሚያ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለረጅም ጊዜ ግድግዳ ታያለች። በዚያ ሰዓት ምስጢርን ጠላቻት፤ ምንም ስላላጠፋች ደግሞ ይበልጥ ጠላቻት።

የሽግግሩ ጊዜ ደረሰ። ፈህሚያ መዝገቡን በመስመር መላክ ጀመረች። ጉም ይወርዳል፣ መስመሩ ይቋረጣል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሳምንት ሙሉ ቆይቶ ያለፈው የአንድ ቀበሌ ግማሽ ነው። የዞኑ አስተባባሪ አቶ ወልደኢየሱስ ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ። አረንጓዴ ያለ ወረዳ እንዴት መስመር የለኝም ይላል አሉ። ከዚያ ቁጣቸው በርዶ መፍትሔ አመጡ፤ መረጃው በመስመር ካልመጣ በመኪና ይምጣ፣ ሰርቨሩ ራሱ ተጭኖ ጎንደር ይግባ፣ ከዚያ ወደ ክላውዱ እንልከዋለን።

ፈህሚያ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። መዝገቡ በሙሉ በትንሽ ዲስክ ተገልብጦ በቦርሳዋ ሊሄድ እንደሚችል፣ እሷ ራሷ ይዛው ልትሄድ እንደምትችል አስረዳች። አቶ ወልደኢየሱስ ግን በኪስ የሚያዝ ነገር ፎቶ ላይ አይታይም አሉ። ሪፖርቱ ሽግግር ተፈጸመ የሚል ነውና የተሸጋገረ ነገር መታየት አለበት። ፈህሚያ ሁለተኛ ጊዜ አልተከራከረችም። ቃል የተገባላት ስለ ዲስክ አልነበረም፤ ሰርቨሩ ከግቢው ሲወጣ ነው። ይውጣ እንጂ በምንም ይውጣ አለች በልቧ። እንዲያውም ዕቃው እንዳይበላሽ ብላ የአጓጓዝ መመሪያ ጻፈች፤ ከኋላ፣ ክፍት ላይ አይጫንም፣ አቧራ አይንካው፣ ጋቢና ውስጥ በወንበር ላይ ለስላሳ ነገር ተነጥፎለት ይቀመጥ፣ ቀበቶ ይታሰርለት።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት የዞኑ ፒክአፕ መጣ። ፈህሚያ ከሌሊት ጀምራ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር። ለአኒስ ነግራዋለች፤ እማማ ዘሓራ ልጅቱን አጥበው አዲስ ቀሚስ አልብሰዋታል። ሹፌሩ ኃይለ ጊዮርጊስ አማትቦ ሰርቨሩን ከሠራተኞች ጋር ተሸክሞ አወጣና የኋላው ወንበር ላይ፣ በመስኮቱ በኩል አስቀመጠው። ከጎኑ የንብረት ክፍሉ ሰው ገባ፤ እሱ ካልፈረመ ርክክቡ አይጸናም። ከሱ ቀጥሎ አቶ ወልደኢየሱስ ገቡ። ከፊት አቶ የሻው ገቡ፤ እሳቸው ከሌሉ ፎቶው ሙሉ አይሆንም። ፈህሚያ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ቦታ አልነበረም።

«ማሽኑን ከኋላ፣ ክፍቱ ላይ ብናደርገውስ?» አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

አቶ ወልደኢየሱስ መመሪያዋን ከኪሳቸው አወጡና የመጀመሪያውን መስመር አነበቡላት። ክፍቱ ላይ ደግሞ ለፋሲካ የገዟቸው ሁለት በጎች ቆመዋል። ኃይለ ጊዮርጊስ ከበጎቹ ጎን ትቀመጥ እንደሆን ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ አቶ የሻው ግን የተማረች ሴት ከበግ ጋር አትጫንም፣ ነውር ነው ብለው ተቆጡላት። ከልባቸው ነው የተቆጡላት። ነገ በአውቶቡስ ትመጫለሽ አሏት።

የሰርቨሩ ቀበቶ አልታሰረም ነበር። የንብረት ክፍሉ ሰው እንዴት እንደሚታሰር ስላላወቀ ፈህሚያ ጎንበስ ብላ ገብታ አሰረችለት።

ማታ አኒስ ደወለ። ልጅቱ በር ላይ ቆማ አልገባም ብላለች፣ ምን ልበላት አለ። ፈህሚያ ሰርቨሩ መጥቷል በላት ልትል አሰበች፤ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ነገ እመጣለሁ በላት አለችው። በማግሥቱ ግን የሽግግሩ ሪፖርት በአስቸኳይ ይላክ ተባለ፤ ሪፖርቱን ሊጽፍ የሚችል ሰው ደግሞ ከእሷ ሌላ አልነበረም።

አቶ የሻው ከጎንደር ሲመለሱ ቃላቸውን አስታወሰቻቸው። አልካዱም። ቃሌ ቃል ነው፣ ነገር ግን አሁን ሞዴል ሆነናል አሉ፤ ሞዴል ተሞክሮውን የማካፈል ግዴታ አለበት፣ ከየወረዳው እንግዶች ሊመጡ ነው፣ አንቺ ከሄድሽ ምን እንደሠራን ማን ያስረዳቸዋል። ሰርቨሩን የሚጠብቅ ሰው አያስፈልግም ስትላቸው፣ አዎ፣ አለመኖሩን የሚያስረዳ ሰው ነው የሚያስፈልገን አሏት።

እንግዶቹም መጡ። ክፍሉ ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ በሩ ላይ «ወደ ክላውድ የተሸጋገረ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎለት ነበር። ፈህሚያ በሩን ትከፍታለች፤ እንግዶቹ ባዶውን ክፍል ያያሉ፤ እሷ ቀድሞ ማሽኑ የነበረበትን ጥግ በእጇ እያሳየች ሽግግሩ እንዴት እንደተፈጸመ ታስረዳለች። ያጨበጭባሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ከዚያ የበግ ገበያው በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቃሉ። የመካነ ብርሃን በግ ርካሽ ነው። ሰርቨሩ ደግሞ፣ ምስጢር እንደነገረቻት፣ ጎንደር አንድ ኮሪደር ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል፤ ወደ ክላውዱ የሚልከው ሰው ገና ሥልጠና ላይ ነው። ሠልጣኞቹ በእረፍት ሰዓት የሻይ ብርጭቆ ያስቀምጡበታል።

መሥሪያ ቤቱ ወደ ወረቀት ተመለሰ፤ ሪፖርት ላይ ግን አልተመለሰም። ክፍሉም እንደ ሌላው ሁሉ በረዶ ሆነ። አንድ ቀን አያ ሐብተ ማርያም የሚባሉ ሽማግሌ ከሩቅ ቀበሌ ለይዞታ ጉዳይ መጥተው ሦስተኛ ጊዜ ኔትወርክ የለም ተባሉ። አልተቆጡም። ዱላቸውን ተደግፈው ፈህሚያን ትኩር ብለው አዩአትና፣ ቀድሞ እኮ ሸጋ አድርገሽ ታወጭልኝ ነበር፣ ምነው አስቀየምኩሽ አሏት። ያን ቀን ምሳ አልበላችም። የራሷን ልጅ ስታስብ የሰውን ሁሉ ጉዳይ ጉም ውስጥ እንደከተተችው ገባት፤ ልጇንም አላገኘች።

መስከረም ሲጠባ እማማ ዘሓራ ሳያስታውቁ ሰኪናን ይዘው መጡ። ትምህርት ቤት ሳትገባ እናቷ የምትሠራበትን ትይ ብዬ ነው አሉ፤ ሌላ ምክንያት አልሰጡም። ፈህሚያ ተጨነቀች፤ ልጅቱን ሁለት ሹራብ ደራርባ አለበሰቻት። በማግሥቱ ጠዋት ይዛቸው መሥሪያ ቤት ሄደች።

«ሥራሽ የቱ ነው?» አለች ሰኪና።

ፈህሚያ እጇ የለመደውን በር ከፈተች። ልጅቱ ገብታ ነጩን ግድግዳ፣ ባዶውን ጥግ፣ የተዘጋውን መስኮት አየች።

«ምንም የለም።»

«ነበር። ትልቅ ማሽን ነበር፤ እኔ ነበርኩ የምጠብቀው። አሁን ጎንደር ሄዷል።»

«እኛ ጋ?»

«አዎ፣ እናንተ ጋ።»

ሰኪና ጥቂት አሰበች። «ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ፈህሚያ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራት። ለብዙ እንግዳ የሰጠችው፣ የሚያስጨበጭብ መልስ ነው። እጇም ሳታዝዘው ወደ ጥጉ ተዘርግቶ ነበር። ልጅቱ አንገቷን ቀና አድርጋ ትጠብቃለች። ስብሰባ ሁሉ፣ ግምገማ ሁሉ አልፎ ይህን የጠየቃት ሰው እንዳልነበረ አሰበች፤ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም። እፍረት ያዛት። እማማ ዘሓራ በሩ ላይ ሆነው ሻሻቸውን ያስተካክላሉ፤ ወደ እሷ አላዩም።

ሰኪናን ወደ ውጭ አወጣቻት፣ በሩን ቆለፈችና በቀጥታ አቶ የሻው ቢሮ ገብታ ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው። ለአኒስ አልነገረችውም። የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንደማይሰጧት፣ ጎንደር ውስጥ የመንግሥት ሥራ እንደማታገኝ፣ ምናልባት ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትለካ እንደምትኖር ታውቃለች። ፈርታለች፤ ቢሆንም ቁልፉን መልሳ አላነሣችውም።

አቶ የሻው ቁልፉን አዩት፣ እሷን አዩ። «ማክሰኞ ከሁለት ወረዳ እንግዳ ይመጣል። ማን ያስረዳቸው?»

«በሩን ይክፈቱላቸው፣ አቶ የሻው። ያለው ይኸው ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ልጅሽ ደኅና ናት ብለው ጠየቁ። ደኅና ናት፣ ውጭ ቆማለች አለቻቸው። በመስኮት አዩአት፤ ሁለት ሹራብ ለብሳ አያ ተክለ ጊዮርጊስን የሆነ ነገር ትጠይቃለች። የአቶ የሻው ዓይን ቀላ። ያዘኑት እውነተኛ ሐዘን ነበር። ከዚያ ግን ከሐዘናቸው ውስጥ አንድ ሐሳብ ብቅ አለ፤ ፊታቸው ቀስ እያለ በራ። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርት ገና አልተላከም፤ ሰርቨሩ ብቻ ሳይሆን የሰው ኃይሉም ሽግግሩን አጠናቋል ተብሎ ሊገባ ይችላል፤ ይህን ያደረገ ሌላ ወረዳ የለም።

«ሸጋ ነው» አሉ። መልቀቂያዋን ስትጽፍ፣ ከሪፖርቱ ጋር እንዲገጥም ቀኑን ትንሽ ወደ ኋላ እንድታደርገው ለመኗት። ያሉትን ቀን ጻፈችላቸው።

አውቶቡሱ በማግሥቱ ማለዳ ተነሣ። እማማ ዘሓራ በመስኮቱ በኩል፣ ሰኪና መሐል፣ ፈህሚያ በመተላለፊያው በኩል ተቀመጡ። ቧሂትን ሲወጡ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። ፈህሚያ ሌሊቱን ሙሉ ስታስበው ያደረችውን ነገር አሁን ተናገረች።

«ከእንግዲህ ወደዚህ አልመለስም። ከአንቺ ጋ ነው የምኖረው።»

ይህ ለልጅቱ አዲስ አልነበረም። ሰርቨሩ ሲሄድ፣ ረመዳን ሲያልቅ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲባል ሰምታለች፤ በር ላይ ቆማ መጠበቅም ታውቅበታለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እማ፣ እውነቷን ነው?»

እማማ ዘሓራ በልጅቱ ራስ ላይ አሻግረው ፈህሚያን አዩአት፤ ፈህሚያ ዓይኗን አልሰበረችም።

«እውነቷን ነው» አሏት።

ሰኪና ያን ጊዜ ወደ ፈህሚያ ዞረችና እጇን ሰጠቻት።